የአገራችንን ካርታ ስለ ማንበብ

ጂኦግራፊን የሚማር ሰው ስለ ሩቅ አገር ከማጥናቱ አስቀድሞ የሚኖርበትን ምድር በካርታ ላይ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህ የራያ ቆቦን ምድር ምሳሌ አድርገን የመሬት አቀማመጥ ካርታ እንዴት እንደሚነበብ ባጭሩ እናስረዳለን።

በመጀመሪያ የሚታየው መስፈርቱ ነው። መስፈርቱ 1፡50,000 ከሆነ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው 2 ሳንቲሜትር በመሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ቀጥሎ ቡናማዎቹ የከፍታ መስመሮች ይመረመራሉ። አንድ መስመር የሚያልፍባቸው ቦታዎች ሁሉ ከባሕር ወለል በላይ ያላቸው ከፍታ እኩል ነው። በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ልዩነት 20 ሜትር ቢሆን፣ በ1 ሳንቲሜትርም ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው መስመር ብንሄድ፣ በ500 ሜትር ጉዞ 80 ሜትር ወጣን ማለት ነው።

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ በ1,470 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በምሥራቅ በዞብል፣ በምዕራብ በግዳን ደጋ በኩል መስመሮቹ እንደ ጥልፍ ክር ይጠጋጋሉ፤ ይህም የዳገት ምልክት ነው። በመካከል ባለው ሜዳ ግን ይራራቃሉ። መስመሮቹ ክብ ሠርተው ተጠጋግተው የክቡ ውስጥ ባዶ ቢሆን፣ ቦታው እንደ መቅደላ ዙሪያው ገደል፣ ራሱ ሜዳ የሆነ አምባ ነው። በአሜሪካ ምዕራባዊ ሜዳ ያሉት ቢዩት የሚባሉት ጉብታዎችም፣ ከአምባ ቢያንሱም፣ በካርታ ላይ መልካቸው እንዲሁ ነው።

ጀማሪ አንባቢ ሜዳውን ባዶ መስሎት ያልፈዋል፤ ዳሩ ግን ትልቁ ቁም ነገር ያለው በዚያ ነው። የተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር በበጋ የሚደርቅ ወንዝን ያመለክታል። የከፍታ መስመር ወንዝን ሲያቋርጥ ሹል ጫፉ ወደ ወንዙ መነሻ ይዞራል። ሆርማትንና ጎሊናን በጣት ሽቅብ ብንከተላቸው ወደ ምዕራቡ ደጋ ያደርሱናል። ስለዚህ በቆቦ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ በደጋው የዘነበው ውሃ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሊወርድ ይችላል። በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ከብት የሚያሳርፍ እረኛ ማየት ያለበት በራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ሳይሆን የወንዙን መነሻም ጭምር ነው። ይኸው ጎርፍ ግን በገበሬው ብልሃት ተጠልፎ ወደ እርሻ ሲገባ ማሳውን ያረካል።

በመጨረሻም የካርታውን ዓመት አንርሳ፤ ጎርፍ በሜዳ ላይ መንገዱን ይለውጣልና።

መልመጃ፦
1. በ1፡50,000 ካርታ 7 ሳንቲሜትር ስንት ኪሎ ሜትር ነው?
2. ከቤታችሁ አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ ከየት ይነሣል?
3. አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከካርታው ምን አስቀድሞ መመልከት ይገባዋል?