ፎርክሊፍት የሚነዱ ሰዎች ቀበቶ ስለ መታጠቃቸው የተሰጠ ትምህርት

ከመገናኛ በጉርድ ሾላ በኩል ወደ አያት በሚወስደው መንገድ መኪና የሚነዳ ሰው፤ የትራፊክ ፖሊስን ዓይን ስለሚፈራ፤ ቀበቶውን ይታጠቃል። በእህልና በማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ግን ፖሊስ የለምና፤ የፎርክሊፍቱ ቀበቶ ከመቀመጫው ኋላ ተጥሎ ቢገኝ የሚጠይቀው የመጋዘኑ አለቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በየዞኑና በየወረዳው ላላችሁ ሹማምንት፤ እንዲሁም ለእርሻና ለመጋዘን ባለቤቶች፤ የቀበቶውን ምክንያት በአጭሩ እናስረዳለን።

ፎርክሊፍት ማለት ከፊቱ ባለው የብረት ሹካ ሸክም እያነሣ የሚደረድር መኪና ነው። 25 ኩንታል የሚያነሣው ፎርክሊፍት የራሱ ክብደት ወደ 40 ኩንታል ይጠጋል፤ ከኋላው ከባድ ብረት የተደረገበትም የፊቱን ሸክም እንዲመዝን ነው። የሚታጠፈውም በኋላ ጎማው ነው። ስለዚህ ሸክሙን ወደ ላይ እንዳነሣ በፍጥነት ቢታጠፍ፤ ወይም በተዳፋት ላይ ጎኑን ሰጥቶ ቢሄድ፤ ወደ ጎን ይገለበጣል።

በዚህ ጊዜ ነጂው ደንግጦ ዘሎ ለመውረድ ይሞክራል። በቅሎ ስትደናቀፍ ዘሎ መውረድ ሰውን ያድነው ይሆናል፤ ፎርክሊፍት ሲገለበጥ ግን ዘሎ መውረድ ይገድላል። የመኪናው አወዳደቅ ከሰው ዝላይ ይፈጥናልና፤ ነጂውን ከላይ ከሚወድቅ ዕቃ እንዲጠብቀው የተሠራው የብረት ጣራ ራሱን ነጂውን ከመሬት ጋር ይጨፈልቀዋል። ቀበቶ የታጠቀ ሰው ግን በዚያው ጣራ ሥር በመቀመጫው ላይ ይቆያል።

እንግዲህ ተቀምጦ ለሚነዳ ሰው የሚሰጠው ትእዛዝ ይህ ነው።

1ኛ፤ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ቀበቶውን ይታጠቅ።

2ኛ፤ ሲሄድ ሹካውን ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ ያድርግ።

3ኛ፤ መኪናው ቢያዘነብል አይዝለል፤ መሪውን አጥብቆ ይያዝ፤ እግሩን ይትከል፤ መኪናው ከሚወድቅበት ወገን በተቃራኒው ዘንበል ይበል።

4ኛ፤ ቀበቶው ቢቀደድ ወይም መቆለፊያው ቢበላሽ እስኪጠገን ድረስ አይንዳ።

ቆመው የሚነዱት ዓይነት ግን ሌላ ሥርዓት ስላለው፤ ለእርሱ የሠሪው ፋብሪካ መመሪያ ይታይ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅና ስለ አደጋው እንዲያስተምረው ያዝዛል፤ በአንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው በመጠበቂያ መሣሪያዎች በሚገባ እንዲጠቀምና ጉድለታቸውን እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ስለዚህ አደጋ ሲደርስ ጥፋቱ የነጂው ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ወደ መጋዘን የሚገባ ሹም የኩንታሉን ቁጥር ከመጠየቁ በፊት የነጂውን ወገብ ይመልከት። የጎደለ ኩንታል በሚመጣው መከር ይተካል፤ የሞተ ሰው ግን አይተካም።