የሩቤላ መከላከያ የለሽም ተባልኩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ የአሥር ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። በደም ምርመራ «የኩፍኝ መከላከያ አለሽ፣ የሩቤላ ግን የለሽም» ተባልኩ። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ተከትቤያለሁ። አሁን መከተብ እችላለሁ?

መልስ፦ በሽልም ያውጣዎ! ውጤቱ አያስገርምም። በሕፃንነትዎ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሰጥ የነበረው ክትባት የኩፍኝ ብቻ ነበር። የሁለቱ በሽታዎች ሽፍታ ቢመሳሰልም ቫይረሶቹ የተለያዩ ስለሆኑ የአንዱ ክትባት ከሌላው አያድንም።

ሩቤላ ለእናቲቱ ቀላል ነው፤ መለስተኛ ትኩሳት፣ ከጆሮ ጀርባ ንፍፊት፣ ሦስት ቀን ገደማ የሚቆይ ሽፍታ። አንዳንዷ መታመሟንም አታውቅም። ክፉነቱ ለጽንሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ከያዛት ጽንሱን የመጉዳት ዕድሉ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል፤ ልጁ የዓይን ሞራ፣ የመስማት ችግርና የልብ ጉድለት ይዞ ሊወለድ ይችላል። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ ነው፤ በ1941 እ.ኤ.አ.።

አሁን ግን አይከተቡ። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለበት በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም። (እርግዝናዋን ሳታውቅ የተከተበች ሴት ግን በዚህ ምክንያት ጽንስ ማቋረጥ የለባትም።) ሲወልዱ፣ ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት ይከተቡ፤ ጡት ከማጥባት አያግድዎትም። ቀጣዩ እርግዝና ከክትባቱ በኋላ ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆይ።

እስከዚያው ባለቤትዎና አብረዋችሁ የሚኖሩ ሁሉ ካልተከተቡ ዛሬውኑ ይከተቡ፤ የእነሱ ክትባት እርስዎን አይጎዳም። ሽፍታ ከወጣበት ሰው ጋር ከተገናኙ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለሐኪምዎ ይደውሉ።