የጥብስ ሶስ ጠርሙስ ጀርባ ላይ ምን ተጽፏል?



በተሁለደሬና በአምባሰል ወደ ዐረብ አገር የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። እህቶቻችን ሲመለሱ ከሻንጣቸው የሚወጣው ልብስና ተምር ብቻ አይደለም። በሰው ቤት ሲያበስሉ የለመዱት ጥቁር የአኩሪ አተር ሶስና የኦይስተር ሶስም አብሮ ይመጣል። የሐይቃችንን ቆሮሶ በእርሱ ጠብሰው ሲያቀርቡት፣ እውነት ለመናገር፣ ይጣፍጣል። ሆኖም አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 168 የምንበላው ሐላል ብቻ ሳይሆን ጠይብም፣ ማለትም መልካምና ንጹሕ፣ እንዲሆን አዟል። ስለዚህ ጠርሙሱን አዙረን ስናነብ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው።

ሶሱ እንዴት ይሠራል?

የአኩሪ አተር ሶስ የሚዘጋጅበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የቆየው ነው፦ አኩሪ አተሩ ይቀቀላል፣ ስንዴው ይቆላል፣ ለዚሁ በተመረጠ ሻጋታ ይብላላል፣ ከዚያም በጨው ውሃ ለወራት ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ከስንዴው ስኳር ጥቂት አልኮል በራሱ ይፈጠራል፤ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ሁለት እጅ አካባቢ ነው። ይህ ተለውጦ የተገኘና የማያሰክር ነው የሚሉ ዑለማዎች አሉ፣ የሚጠነቀቁም አሉ። ይህ ዓምድ ፈትዋ አይሰጥምና የየመስጂዳችሁን ኡስታዝ ጠይቁ። የሩዝ ወይን ወይም «ሚሪን» ተብሎ በዝርዝሩ የተጻፈ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መጠጥ ሆን ተብሎ ተጨምሮበታልና።

ሁለተኛው መንገድ ፈጣን ነው። የአኩሪ አተሩ ፕሮቲን በአሲድ ተቀቅሎ በጥቂት ቀናት ይፈርሳል፣ ከዚያ ጨው፣ ስኳርና ቀለም ይጨመርበታል። በዝርዝሩ ላይ «ሃይድሮላይዝድ ቬጅቴብል ፕሮቲን» የሚለው ይህ ነው። አሲዱ በጥንቃቄ ካልተያዘ 3-ኤምሲፒዲ የተባለ ጎጂ ንጥረ ነገር ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ2001 የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ የአኩሪ አተርና የኦይስተር ሶሶችን ሲመረምር ከአምስት ናሙና አንድ ያህሉ ከተፈቀደው መጠን በላይ ይህንን ይዞ ተገኝቷል። ምርቶቹም ከገበያ እንዲወጡ ተደርጓል። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ በተፈጥሮ የተብላላውን ምረጡ።

የኦይስተር ሶስ የሚሠራው በሁለት ዛጎል ከተከደነ የባሕር እንስሳ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ይበላል፤ በሐነፊ ግን ከባሕር ፍጡራን የሚበላው ዓሣ ነው። ሁለቱም መዝሀቦች ባሉበት በእኛ ወሎ ጎረቤት ለጎረቤት ሳህን ሲላላክ ይህን ማስታወቅ አይከፋም።

የ«ኢ» ቁጥሮች

«ኢ» የሚል ቁጥር ያለበት ሁሉ አሳማ ነው የሚል ዝርዝር በመስጂድ በር ሲታደል አይታችሁ ይሆናል። ይህ ልክ አይደለም። ቁጥሩ በአውሮፓ ለተፈቀደ ተጨማሪ ነገር የተሰጠ መለያ ነው እንጂ ምንጩን አይናገርም። አላህ ያልከለከለውን መከልከልም ቀላል ነገር አይደለም። ኢ 150 የተቃጠለ ስኳር ቀለም ነው፤ ኢ 202 እና ኢ 211 እንዳይሻግት የሚጠብቁ ናቸው፤ ኢ 415 እና ኢ 1422 የሚያወፍሩ ናቸው፣ የኋለኛው ከስታርች የሚሠራ። መጠየቅ ያለበት ስለ ኢ 471 እና ኢ 631 ነው፤ ከዕፅዋት ወይም ከእርሾ ሊሠሩ ይችላሉ፣ ከእንስሳም ሊሠሩ ይችላሉ።

ብዙ የሚወራበት ኢ 621 ማለትም ሞኖሶዲየም ግሉታሜት ነው። ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር አረም ለይቶ ያወጣው ሲሆን ዛሬ ስኳርን ወይም ስታርችን ባክቴሪያ እንዲያብላላው በማድረግ ይመረታል። መርዝ አይደለም፤ ቲማቲምና ሥጋ ውስጥም ግሉታሜት በተፈጥሮው አለ። አንዳንድ ሰው ብዙ ሲወስድ ራሱን ያመዋል፤ እንዲህ የሚሆን ሰው ይተወው።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የኢንዶኔዥያ የዑለማዎች ምክር ቤት በዚያ አገር የሚመረተውን አጂኖሞቶ ሐራም ነው አለ። ባክቴሪያው ከሚመገባቸው ነገሮች አንዱ ሲዘጋጅ ከአሳማ የተገኘ ኢንዛይም ገብቶበት ነበር። በዱቄቱ ውስጥ የአሳማ ነገር የለም በማለት ፕሬዚዳንት አብዱረሕማን ዋሒድ ምርቱ ይበላል ቢሉም፣ በ2001 መጀመሪያ ከመላው አገሪቱ ተሰበሰበ፤ ኩባንያውም አሠራሩን ቀየረ። ልብ በሉ፣ በዕሽጉ ላይ ያለው ዝርዝር ይህን ሊነግረን አይችልም ነበር። የሐላል ማኅተም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ማኅተሙም «ሐላል» የሚል ቃል ብቻ ሳይሆን ያረጋገጠው ድርጅት ስም ያለበት ይሁን።

ከሁሉም በላይ ጨው

ሰው ቁጥር ሲፈራ ጨውን ይረሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ሶስ ከ2 ግራም የሚበልጥ ጨው አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ሶስ ሦስት ማንኪያ፣ የሾርባ ኩብ አንድ፣ በላዩ እንደ ልማዳችን ጨው! ግፊት ላለባት እናት ይህ ምግብ ከማንኛውም «ኢ» ቁጥር ይብሳል። ዕሽጉ ላይ ሶዲየም ብቻ ከተጻፈ በ2.5 አባዙት፤ ጨው ማለት ያ ነው። ሶስ ከገባ ሌላ ጨው አይጨመር፤ ለአንድ ድስት አንድ ማንኪያ ይበቃል።

ለቆሮሶ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በደንብ የበሰለ ቲማቲምና ጥቂት ድልህ አቁላልታችሁ በመጨረሻ ሎሚ ጭመቁበት። ድልህም ቢሆን ጨው አለበት፣ ቅመሱና ጨምሩ። አዋዜ ከገበያ የምትገዙ ከሆነ በምን እንደተበጠበጠ ጠይቁ፤ በጠጅ ወይም በአረቄ የሚበጠብጡ አሉና።