የጭነት መኪና የፊት እግር ሲጢጥታ፦ ከድምፅ ወደ መንስኤ

መግቢያ

ወልድያ ከደሴ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ሦስት አውራ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። አንደኛው መንገድ በመርሳ በኩል ወደ ደሴና አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሁለተኛው በቆቦና በአላማጣ አድርጎ ወደ መቀሌ ይዘልቃል፤ ሦስተኛው የድልብን አቀበት ወጥቶ በጋሸና በኩል ወደ ወረታ ያቀናል። በእነዚህ መንገዶች የሚመላለስ የጭነት መኪና በአንድ ቀን ጉዞ የሀብሩን ቆላ ሙቀትና አቧራ፣ የደጋውን ዝናብና ረጅም ቁልቁለት ሊያፈራርቅ ይችላል። አቧራው የተቀባውን ግራሶ ያጎድፋል፤ ውኃው ያጥበዋል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ክብደቱን ወደ ፊት እግር ያሸጋግራል። የፊት እግር ሲጢጥታ በአካባቢው የተለመደ ቅሬታ ቢሆን አያስደንቅም።

በተለምዶ የሚሰጠው መልስ ግራሶ መንፋት ነው። ድምፁ ይጠፋል፤ መኪናውም ጭነቱን ይዞ ይወጣል። ይሁን እንጂ ግራሶ ድምፅን ዝም ያሰኛል እንጂ የተበላ ብረትን አይመልስም። በመሆኑም መንስኤው ተለይቶ ልቅነቱ ሳይለካ የሚደረግ ቅባት ጉዳቱን ከማስወገድ ይልቅ ሊሸፍነው ይችላል። ይህ ጽሑፍ መንስኤውን ደረጃ በደረጃ ለመለየት የሚያስችል ቅደም ተከተል ያቀርባል።

የድምፁ አፈጣጠርና ምንጮቹ

ሲጢጥታ የሚፈጠረው ሁለት ደረቅ ገጽታዎች በጭነት ተጣብቀው ቆይተው በድንገት ሲላቀቁ፣ ይህም በፍጥነት ሲደጋገም ነው። ኳኳታ ግን በሁለት አካላት መካከል ክፍተት መኖሩን ያመለክታል። የመጀመሪያው የድርቀት፣ ሁለተኛው የልቅነት ምልክት ነው። ድርቀት ችላ ሲባል ብረቱን እየበላ ልቅነትን ስለሚወልድ፣ ሁለቱ በአንድ መኪና ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

በአገራችን በብዛት የሚታየው ኢሱዙ ኤፍኤስአርና መሰሎቹ ከፊት አንድ ወጥ አክስልና ባሌስትራ አላቸው። በእንዲህ ዓይነቱ አሠራር ድምፅ የሚነሣባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አምስት ናቸው፦ የባሌስትራው ተደራራቢ ብረቶች እርስ በርስ የሚፋተጉበት ገጽ፤ ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር የሚያያዝባቸው ፒኖችና ቦኮላዎች፤ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች፤ ጎማው በመሪ ትእዛዝ የሚዞርበት ኪንግ ፒንና ኩሽኔታው፤ በመጨረሻም የሾክ አብዞርበሩ መያዣዎች ናቸው። ካቢናው ወደ ፊት በሚታጠፍ መኪና ላይ የካቢናው ማጠፊያና መቆለፊያም ተመሳሳይ ድምፅ ያሰማሉ። ስለዚህ ከፊት እግር በፊት እነርሱን መፈተሽ ከከንቱ ድካም ያድናል።

ድምፁ የሚሰማበት ሁኔታ

የመጀመሪያው ጥያቄ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሳይሆን መቼ እንደሚሰማ ነው። መኪናው ቆሞ መሪው ብቻ ሲዞር የሚሰማ ድምፅ ወደ ኪንግ ፒኑና ወደ መሪው መገጣጠሚያዎች ያመለክታል። መሪው ሳይነካ መኪናው ከፍ ዝቅ ሲል የሚሰማው ወደ ባሌስትራው፣ ወደ ፒኖቹና ወደ ሾክ አብዞርበሩ ያደርሳል። ፍሬን ሲያዝ ወይም መኪናው ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማው ደግሞ የላላ የባሌስትራ ብሎን ወይም የተበላ ቦኮላ መኖሩን ያስጠረጥራል።

ክፍሉ በዚህ መንገድ ከጠበበ በኋላ አንድ ረዳት መሪውን ሲያዞር ወይም መኪናውን ሲያነቃንቅ፣ መካኒኩ እጁን በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ በተራ ያሳርፋል፤ ንዝረቱ የበረታበት ቦታ ተጠርጣሪ ነው። ከዚያም በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ውኃ ይረጫል። ድምፁ ወዲያው ከተለወጠ ምንጩ ተገኝቷል ማለት ነው። ጎማ ባለባቸው መያዣዎች ላይ በዘይት ፋንታ የሳሙና ውኃ መጠቀም ይገባል፤ ዘይት ጎማን ያበላሻልና። በሁሉም መገጣጠሚያዎች ላይ በአንድ ጊዜ ግራሶ የነፋ ሰው ይህን የምርመራ ዕድል በገዛ እጁ ያጠፋል።

ልቅነትን መለካት

ምንጩ ከታወቀ በኋላ መልስ የሚሻው ጥያቄ ክፍሉ የደረቀ ብቻ ነው ወይስ የተበላ የሚለው ነው። ለዚህም የኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረግባቸዋል፤ የፊት አክስሉ በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ለሕይወት ያሰጋል። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቃነቅ ልቅነት ከታየ፣ መንስኤው የጎማው ኩሽኔታ ወይም ኪንግ ፒኑ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ረዳቱ ፍሬኑን ይረግጣል። ፍሬኑ ጎማውን ከመያዣው ጋር አንድ ስለሚያደርገው የኩሽኔታው ልቅነት ይጠፋል፤ ልቅነቱ ካልጠፋ ግን የተበላው ኪንግ ፒኑ ወይም ቦኮላው ነው። ጎማው በግራና በቀኝ ተይዞ ሲነቃነቅ የሚታይ ልቅነት ደግሞ የመሪውን ቴስቲና ለመፈተሽ ያስገድዳል።

ባሌስትራው በዓይን ይመረመራል። በአንዱ ብረት ላይ የሚታይ ቀጭን የዝገት መስመር የስንጥቅ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በማሰሪያ ብሎኖቹ ሥር የሚታይ ያንጸባረቀ ብረት ወይም ቀይ የዝገት ዱቄት ማሰሪያው እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ያሳያል። ማሰሪያው ልል ሆኖ መካከለኛው ብሎን ከተቆረጠ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል፤ መኪናውም ወደ አንድ ወገን ይስባል። ይህ በድልብ ቁልቁለት ላይ ቢደርስ አሽከርካሪው መሪውን ለማረም የሚያገኘው ጊዜ እጅግ አጭር ነው።

ከምርመራው በኋላ

ልቅነቱ አምራቹ ከወሰነው መጠን ካላለፈ ግራሶ ተገቢ መፍትሔ ነው። አክስሉ ከክብደት ነፃ ሆኖ አሮጌው ቆሻሻ ግራሶ እስኪወጣ ድረስ ይነፋል። በአንደኛው ጫፍ ምንም ካልወጣ መተላለፊያው ተደፍኗልና ሳይከፈት ሥራው አልተፈጸመም። ልቅነቱ ከመጠን ያለፈ ከሆነ ፒኑና ቦኮላው አብረው ይቀየራሉ፤ አዲስ ፒን በተበላ ቦኮላ ውስጥ ዕድሜ የለውም። የተሰነጠቀ ባሌስትራ ወይም የላላ ማሰሪያ ያለው መኪና ግን ሳይጠገን ጭነት ሊጭን አይገባም። አዲስ የታሰሩ ብሎኖችም ከአጭር ጉዞ በኋላ በአምራቹ ልክ እንደገና ይጠበቃሉ።

መደምደሚያ

የሲጢጥታው መጥፋት ብቻውን የጥገና ማረጋገጫ አይሆንም። ማረጋገጫው አክስሉ ተነሥቶ የታየው ልቅነት፣ የተፈተሸው ማሰሪያና የባሌስትራው ሁኔታ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ክሪክ፣ አስተማማኝ ድጋፍ፣ ጥቂት ውኃና አንድ ረዳት በመሆኑ፣ ምርመራው በወልድያም ሆነ በመርሳ አነስተኛ ጋራዥ ውስጥ ሊከናወን ይችላል። የተገኘው ልቅነት በየጊዜው በመኪናው መዝገብ ላይ ቢሰፍር፣ የሚቀጥለው መካኒክ ድምፁ በግራሶ ቢጠፋም ጉዳቱ እየጨመረ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ይችላል።