ስለ ጌጥ፣ ስለ ጆሮ መበሳትና ስለ ንቅሳት የእስልምና ሕግ ምን ይላል?

ሰሞኑን በተማሪዎች ሻይ ቤት አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ምክንያቱ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከዕረፍት ስትመለስ አፍንጫዋን ተበስታ መምጣቷ ነው። ገሚሱ «ይህ ሐራም ነው» አለ፤ ገሚሱም «ጆሮ ሲበሳ ዝም ብላችሁ አፍንጫ ሲበሳ ምን አስጮኻችሁ?» ብሎ መለሰ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለመጽሔት የሚበቃ ጉዳይ ባልሆነ ነበር። ዳሩ ግን ክርክሩ ከአፍንጫ አልፎ ወደ እናቶቻችን ደረሰ። አንድ ወንድማችን ድዳቸውንና አንገታቸውን የተነቀሱ ሴቶች ሁሉ የተረገሙ ናቸው ብሎ ሲናገር፣ የወሎ ልጅ የሆነችና እናቷም ንቅሳት ያላቸው አንዲት እኅታችን ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች።

ስለዚህ የእስልምና የሕግ ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ላይ በእርግጥ ምን እንዳሉ መርምሮ ማቅረብ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ እንጂ ዓሊም አይደለሁም፤ ይህም ጽሑፍ ጥናት እንጂ ፈትዋ አይደለም። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ነገር እስልምና ጌጥን በጠቅላላው የሚጠላ ሃይማኖት አለመሆኑ ነው። ቁርኣን በሰባተኛው ምዕራፍ ሰዎች ለስግደት ሲሄዱ አጊጠው እንዲሄዱ ያዛል፤ አላህ የፈቀደውን ጌጥ ከራሳቸው አመንጭተው የሚከለክሉትንም ይወቅሳል። ይህን ስናነብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ደስታ የሚሰጥ ነገር አለ፤ ይኸውም ከነቢዩ ሙሐመድ ዘመን ስለ ጌጥ ከተላለፉት ወሬዎች መካከል አንዳንዶቹ የአገራችን ስም ያለባቸው መሆናቸው ነው።

በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች በሐበሻ ንጉሥ ተጠግተው ነበር። ከእነርሱ ልጆች አንዷ ኡሙ ኻሊድ የተወለደችው በዚሁ በእኛ ምድር ነው። ወላጆቿ ወደ ዓረብ አገር ከተመለሱ በኋላ ነቢዩ ጥለት ያለው ትንሽ ጥቁር ልብስ በእጃቸው አለበሷት፤ ጥለቱንም እያሳዩ በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት ብለው ቡኻሪ ጽፈዋል። ግእዝ የቀመሰ ሰው «ሠናይ» የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ሳያስታውስ አያልፍም። ነጋሺም ለነቢዩ ጌጣጌጥ ልከው ነበር፤ ከውስጡም የሐበሻ ፈርጥ ያለው የወርቅ ቀለበት ይገኝበታል። ነቢዩ ወርቁን ለራሳቸው አልወደዱትም፤ በእንጨት ወይም በጣታቸው ጫፍ አንሥተው የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ጠሩና እንድታጌጥበት ሰጧት። ይህን የዘገቡት አቡ ዳውድ ናቸው። ነቢዩ ራሳቸው ያደርጉት የነበረው ቀለበት የብር ሲሆን፣ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ፈርጡ ሐበሻዊ እንደ ነበረ ተነግሯል። ከእነዚህ ሁለት ቀለበቶች ውስጥ ሕጉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ወርቅ ለሴት ተፈቅዷል፣ ለወንድ ተከልክሏል፤ ብር ግን ለወንድም ቀለበት ይሆናል።

አሁን ወደ ጆሮው እንምጣ። በአንድ የዒድ ቀን ነቢዩ ከቢላል ጋር ወደ ሴቶች ዘንድ ሄደው ምጽዋት እንዲሰጡ መከሯቸው፤ ሴቶቹም ጉትቻቸውንና ቀለበታቸውን እያወለቁ በቢላል ልብስ ላይ ይጥሉ ጀመር። (ቢላል ዘሩ ከሐበሻ መሆኑን ማን ይስታል?) እንደዚሁም ዓኢሻ ስለ አሥራ አንድ ሴቶች በተናገሩት ረጅም ወሬ፣ ኡሙ ዘርዕ የተባለችው ሴት ባሏ ጆሮዋን በጌጥ እስኪወዛወዝ ድረስ እንደ ሞላላት እያደነቀች ትናገራለች። ነቢዩ ይህን ሰምተው አልነቀፉም። አብዛኞቹ ሊቃውንት የሴት ልጅ ጆሮ መበሳት የተፈቀደ ነው የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው፤ ነቢዩ እያዩ ያልከለከሉት ነገር የፈቃድ ምልክት ነውና።

ይሁን እንጂ በ1111 የሞቱት ታላቁ ኢማም ገዛሊ በዚህ አልተስማሙም። የሕፃን ልጅን ጆሮ መብሳት የሚያሳምም ቁስል ማድረስ ነው፤ ቁስል ደግሞ እንደ ዋግምትና እንደ ግርዛት ላለ አስፈላጊ ነገር ካልሆነ አይፈቀድም፤ ጉትቻም አስፈላጊ ነገር አይደለም፤ ድሪና አምባር ይበቃል፤ ጉትቻውም ቢያሰኝ በክር ማንጠልጠል ይቻላል አሉ። የሚበሳው ሰው የሚቀበለው ዋጋ እንኳ የተከለከለ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል። ነገር ግን በመጨረሻ አንድ በር ትተዋል፤ ፈቃድ የሚሰጥ ቃል ከነቢዩ ከተገኘ ነገሩ ይለወጣል፣ እኛ ዘንድ ግን አልደረሰም ብለዋል። ኋላ የመጡት ሊቃውንት የገቡት በዚሁ በር ነው። በ1350 የሞቱት ኢብኑል ቀይም የቢላልንና የኡሙ ዘርዕን ወሬ ማስረጃ አድርገው፣ ለሴት ልጅ ይፈቀዳል፣ ለወንድ ልጅ ግን የሚሰጠው ጥቅም ስለሌለ ይጠላል በማለት ወሰኑ።

እኔ የገዛሊን ቃል ስመዝነው ውሳኔያቸው ባያሸንፍም ጥያቄያቸው ትልቅ ሆኖ ይታየኛል። ለራሷ መናገር የማትችል ሕፃን ሥጋ ላይ የማይመለስ ነገር ለመሥራት ማን ሥልጣን ሰጠን የሚል ጥያቄ ነውና። ይህን ነገር ወደ ንቅሳቱ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

አፍንጫን በተመለከተ በነቢዩ ዘመን የተነገረ ግልጽ ቃል ሊቃውንቱ አያቀርቡም። በ1836 በደማስቆ የሞቱት የሐነፊው ሊቅ ኢብኑ ዓቢዲን፣ በአንዳንድ አገር እንደሚደረገው የአፍንጫ ጌጥ የሴቶች መዋቢያ ከሆነ እንደ ጆሮ ጉትቻ ይቈጠራል አሉ። ልብ በሉ፤ ሚዛኑ አፍንጫው ሳይሆን ልማዱ ነው። በዓረብኛ ዑርፍ ይሉታል። ከዚህ የተነሣ በሕንድ ወይም በኤርትራ ቆላ በቤጃ ሴቶች መካከል ብዙ የማያነጋግረው የአፍንጫ ቀለበት፣ ልማዱ በሌለበት አገር ሊያነጋግር ይችላል።

ታዲያ የማን ልማድ? እኔ ያደግሁት በምዕራብ ዓባያ፣ በብርብር አጠገብ ነው። በገበያችን ከጋሞ ደጋ የወረደችው ሴት፣ ሙዝ የምትገዛው የወላይታ ነጋዴና ሱቅ ያላት ሙስሊም ሴት ጉትቻቸው አንድ ዓይነት ነው፤ እንዲያውም ጌጥ ጨርሰው የተዉትን እናቶች የምናገኘው ከፕሮቴስታንት አማኞች መካከል ነው። የአፍንጫ ጌጥ ግን በልጅነቴ በሰፈራችን አላየሁም። አሁን በዩኒቨርሲቲው ከጅግጅጋ፣ ከደሴ፣ ከጅማና ከአርባ ምንጭ የመጡ ሴቶች በአንድ ክፍል ያድራሉ። ሐረር የሻፊዒ መዝሀብ አገር ናት፤ በወሎ ሻፊዒም ሐነፊም አለ። ስለዚህ የዚያችን ተማሪ አፍንጫ በአንድ ቃል ሐራም ብሎ የሚፈርድ ሰው፣ በየትኛው መዝሀብና በየትኛው አገር ልማድ እንደ ፈረደ ቢጠየቅ የሚቸገር ይመስለኛል። ጌጡን ለማን ታሳያለች የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ቁርኣን በሃያ አራተኛው ምዕራፍ ሴቶች የተሰወረው አልቦ እንዲሰማ ብለው እግራቸውን እንዳይመቱ እስከ መምከር የደረሰበት ነገር ነውና።

ልማድ ሚዛን ከሆነ ወሰኑ የት ነው የሚል ይኖራል። በብርብር የሚያልፈው መንገድ አርባ ምንጭንና ኮንሶን አልፎ እስከ ጂንካ ይዘልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሙርሲ አገር ነው። የሙርሲ ልጃገረድ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የታችኛው ከንፈሯ ይበሳል፤ ቀዳዳው በእንጨት ውታፍ እየሰፋ ይሄድና በመጨረሻ የሸክላ ሳሕን ይገባበታል፤ የታች የፊት ጥርሶችም ይነቀላሉ። ሙርሲዎች ሙስሊሞች ስላልሆኑ ይህ ሕግ በእነርሱ ላይ አይፈርድም፤ እኔም ለቱሪስት ካሜራ የሚሆን ትችት ለመጨመር አልሻም። ነገር ግን ለምሳሌ ያህል ጉዳዩ ለአንድ የፊቅህ ሊቅ ቢቀርብለት «ልማድ ነው» የሚለው መልስ አይበቃውም። ጉዳት ማድረስ ክልክል መሆኑ ከእስልምና ሕግ መሠረቶች አንዱ ነው፤ ልማድም የሚሠራው ከዚህ ወዲህ ብቻ ነው። ስስ የጆሮ ቀዳዳና የጥርስ መንቀል በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

የወንዶቹን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ወርቅና ሐር ክልክል ነው፤ ጉትቻም የሴት ጌጥ ስለሆነ ለወንድ አይፈቀድም። ለሕክምና ሲሆን ግን ይለያል፤ ዓርፈጃ የተባለው ሰው በጦርነት አፍንጫው ተቈርጦ የብር አፍንጫ አሠርቶ ነበር፤ ብሩ ሲሸትበት ነቢዩ በወርቅ እንዲያሠራ ነግረውታል። ለሴቶቻችን ደግሞ እንሶስላና ሂና ቀለም እንጂ ሽፋን ስላልሆኑ ለዉዱእ ውኃ አይከለክሉም፤ የጥፍር ቀለም ግን ይከለክላል። የወርቅ ጌጧ 85 ግራም የደረሰላት ሴት በሐነፊ መዝሀብ ዘካ ታወጣለች፤ በሻፊዒ ግን የተፈቀደና የሚደረግ ጌጥ ከሆነ ዘካ የለበትም።

አሁን ንቅሳቱ ቀረ። እዚህ ላይ ሐዲሱ ጥብቅ ነው፤ ይህንንም መሸፋፈን አይገባም። ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ የምትነቅሰውና የምትነቀሰው፣ ቅንድቧን የምታስነቅለው፣ ለውበት ብላ ጥርሷን የምታስሞርደው ሴት የአላህን ፍጥረት ለዋጮች ናቸውና ተረግመዋል ብለው አስተማሩ። (እኛ አገር ፍንጭት ምን ያህል እንደሚወደድ ሁሉም ያውቃል፤ ፍንጭት ሆና የተወለደችውን የሚነካ ነገር የለም፤ በሞረድ የምትሠራው ናት ያለችበት።) ይህን የሰማች ኡሙ ያዕቁብ የተባለች ሴት ወደ እርሳቸው መጥታ፣ ቁርኣንን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ይህን አላገኘሁም አለቻቸው። እርሳቸውም ቁርኣን ነቢዩ የከለከሉትን ተዉ ማለቱን አስታወሷት። እርሷ ግን በዚህ አልረካችም፤ የእርስዎም ሚስት ይህን ታደርጋለች አለች። ሂጂና እዪ አሏት፤ ሄዳ አየች፣ ምንም አላገኘችም። አንዲት ሴት በትልቅ የነቢዩ ባልደረባ ፊት ቆማ ማስረጃ ስትጠይቅ፣ ባልደረባውም ሳይቈጡ ቤታቸውን ከፍተው ሲያስመረምሩ ማየት ያስደንቃል። የእኛ ሻይ ቤት ክርክር ይህን አልመሰለም።

ክልከላው ይህ ሲሆን፣ የተነቀሰችው ሴት ነገር ምን ይሆናል? በ1277 የሞቱት የሻፊዒው ሊቅ ነወዊ ይህን በሰፊው ተመልክተውታል። ደምና ቀለም ስለሚቀላቀል የተነቀሰው ቦታ ነጃሳ ይሆናል፤ በመድኃኒት የሚጠፋ ከሆነም ማጥፋት ይገባል ይላሉ። ነገር ግን የሚጠፋው በማቍሰል ብቻ ከሆነና አካልን የሚያበላሽ ወይም በሚታይ ቦታ ላይ ክፉ ጠባሳ የሚተው ከሆነ ማጥፋቱ ግዴታ አይደለም፤ ሴትዮዋ ንስሓ ከገባች ኃጢአት አይቀርባትም። ዛሬ ንቅሳትን በሌዘር ማጥፋት ይቻላል፤ ዳሩ ግን በገጠር ለሚኖሩ እናት ሕክምናው ከየት ይገኛል? የድድ ሥጋስ እንደ ክንድ ቆዳ ነው?

ከዚህም በላይ ነወዊ ሕፃንን ለይተው ያስቀምጣሉ። የተነቀሰችው ልጅ ሳለች ከሆነ ኃጢአቱ የነቃሹ እንጂ የእርሷ አይደለም፤ ልጅ ለሕግ አትጠየቅምና። በሰሜኑ አገራችን ብዙዎቹ እናቶች የተነቀሱት እንዴት እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ልጅቱን ሰዎች ይዘው፣ የመንደሩ ነቃሽ በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጋች፣ ጥላሸት እየቀባች ነው። የገዛሊ ጥያቄ የሚመለሰውም እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ጉትቻ የጠየቁትን ስለ ንቅሳት ብንጠይቀው ተጠያቂው ያን ጊዜ መርፌ የያዘው እጅና ያዘዘው አዋቂ ነው። የእኅታችን እናት በልጅነታቸው ተነቅሰው ከሆነ፣ ርግማኑ የሚናገርላት ሴት እርሳቸው አይደሉም፤ ማጥፋቱ የሚጎዳቸው ከሆነም ዉዱኣቸውና ስግደታቸው እንዳለ ይጸናል።