«መጽሐፋችሁን የጻፈው ሰው ነው» ስንላቸው ካቶሊኮች ምን ይላሉ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዶርም ውስጥ የሃይማኖት ውይይት ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንመዘው ነጥብ አለ፤ «መጽሐፍ ቅዱስን እኮ ሉቃስ፣ ጳውሎስ የሚባሉ ሰዎች ናቸው የጻፉት» እንላለን። የተሸሸገ ነገር የገለጥን ያህልም ይሰማናል። ሃይማኖቱን በደንብ የተማረ ካቶሊክ ግን «አዎ፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ይህንኑ ታስተምራለች» ይለናል። ያኔ የምንለው ይጠፋናል። ከአህለል ኪታብ ጋር ባማረ መንገድ ብቻ እንድንከራከር ታዘናልና (ዐንከቡት 46)፣ ሰዎቹ ያላሉትን እንዳሉ አድርገን መሞገት አያምርብንም።

ወሕይ ሲባል ለእኛ ግልጽ ነው። ቁርኣን ቃሉም መልእክቱም ከአላህ (ሱ.ወ) ነው፤ ጂብሪል (ዐ.ሰ) አወረደው፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንደተቀበሉት አደረሱ። ካቶሊኩም ስለ መጽሐፉ እንዲህ የሚያምን ይመስለናል። አያምንም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው «ዴይ ቬርቡም» የተባለ ሰነድ የመጽሐፉ ደራሲ እግዚአብሔር ነው ይላል፤ ጸሐፊዎቹንም እውነተኛ ደራሲያን ይላቸዋል። በመንፈስ ቅዱስ ተመርተው፣ ግን በገዛ ችሎታቸውና በአጻጻፍ ልማዳቸው ጻፉ ማለቱ ነው። ስለዚህ ሉቃስ በወንጌሉ መግቢያ ጉዳዩን መርምሮ እንደጻፈ ሲናገር፣ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ሌላ ያጠመቀው ሰው መኖሩን እንደማያውቅ ሲገልጽ ካቶሊኩ አይደነግጥም።

ከእኛ ዘንድ ትንሽ የሚቀርበው ሐዲሰል ቁድሲ ነው፤ ብዙ ዑለማዎች እንዳብራሩት መልእክቱ ከአላህ፣ አገላለጹ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነው። እሱም ቢሆን አይገጥምም፤ ተናጋሪው ነብይ ናቸው፣ ሉቃስ ግን ነብይ ነኝ አላለም።

ስለ ስህተትስ? ሰነዱ መጽሐፉ ያለ ስህተት የሚያስተምረው እግዚአብሔር ለሰዎች መዳን ሲል እንዲጻፍ የፈለገውን እውነት ነው ይላል። ሁለት ቦታ የሚለያይ ቁጥር አውጥተን ብናሳየው ካቶሊኩ «ጸሐፊው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» ብሎ የጽሑፉን ዓይነት ይመረምራል። እዚህ ላይ «ለመዳን የሆነውን ካልሆነው የሚለየው ማነው?» ብለን መጠየቅ እንችላለን። መልሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ይመልሰናል።

ለካቶሊክ መጽሐፉ ብቻውን አይቆምም። ከሐዋርያት የወረደ የሚሉት ትውፊት አብሮት አለ፤ ሁለቱን በሥልጣን የሚተረጉሙት ጳጳሱና ኤጲስ ቆጶሳቱ ናቸው። ሆኖም ሰነዱ ይህ ሥልጣን ከቃሉ በላይ እንዳልሆነ፣ አገልጋዩ እንደሆነ ይናገራል። የመጽሐፎቹን ዝርዝር በትሬንት ጉባኤ በ1546 ደንግገውታል፤ ዛሬ 73 ብለው ይቆጥሯቸዋል። ፕሮቴስታንቶች 66፣ የሀገራችን ኦርቶዶክሶች ደግሞ 81 ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ስላጸደቀቻቸው ነው እንዴ ቅዱስ የሆኑት ብንል፣ የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ በ1870 አይደለም ብሏል፤ ቅዱስ የሆኑት ደራሲያቸው እግዚአብሔር ስለሆነ ነው፣ እሷ የተቀበለቻቸው ብቻ ናት። እንግዲህ «ከመጽሐፍህ ጥቅስ አምጣ» ማለት ለፕሮቴስታንት ጓደኛችን ከባድ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ ካቶሊኩ ግን ሁሉም ነገር ከመጽሐፉ ብቻ ይወጣል ብሎ አያውቅም።

ትልቁ ልዩነት ያለው ኢንጂል ላይ ይመስለናል። እኛ ኢንጂል ለነብዩ ዒሳ (ዐ.ሰ) የወረደ ኪታብ ነው ብለን እናምናለን፤ በእጃቸው ያለው ግን ያ እንዳለ የተጠበቀው አይደለም እንላለን። ካቶሊኩ ለዒሳ የወረደ መጽሐፍ አልነበረም ይላል፤ ለእሱ የአምላክ መገለጥ ራሱ ዒሳ ነው፣ አራቱ ወንጌሎች ስለ እሱ የሚመሰክሩ ጽሑፎች ናቸው። «ዋናው የት ጠፋ?» ስንለው ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው። ልንጠይቀው የሚገባው ሌላ ነው፦ ዒሳ (ዐ.ሰ) ራሱ መልእክተኛ ነኝ አላለም ወይ? እነዚህ ጸሐፊዎች በመንፈስ ተመርተው እንደጻፉ ከቤተ ክርስቲያኗ ቃል ውጭ በምን ይታወቃል?