ሦስተኛው ፊርማ

ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። መስከረም አጋማሽ ላይ በልውውጥ ተማሪነት ለአንድ ዓመት ወደ ላይፕዚግ እሄዳለሁ። ጋሼ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። በ1975 ዓ.ም. መንግሥት ልኳቸው፣ ከተማዋ የምሥራቅ ጀርመን በነበረችበት ዘመን እዚያው ተምረዋል። እሑድ ከቡና በኋላ ደብተሬን ከፍቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ጋሼ፦ እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ጨረስሽ? ምን ቀረሽ?

እኔ፦ የዩኒቨርሲቲው መቀበያ ደብዳቤ መጥቷል። የስኮላርሺፑም ደርሶኛል። የኤምባሲ ቀጠሮዬ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው። ሻንጣ ገዝቻለሁ፤ ካፖርት እየፈለግሁ ነው።

ጋሼ፦ ካፖርቱን እዚያ ትገዢዋለሽ፤ ለዚያ አገር ብርድ የሚሆነው እዚያ ነው ያለው። የትምህርት ውሉስ? የምትወስጃቸው ኮርሶች የተዘረዘሩበት?

እኔ፦ ሦስት ፊርማ ነው የሚፈልገው። እኔ ፈርሜያለሁ፣ ላይፕዚጎችም ፈርመው ልከውልኛል። የቀረው የእኛ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሥራ በዝቶባቸው አገኘኋቸው። ለሦስተኛ ጊዜ መሄድ ከበደኝ። ስመለስ ይጨርሱልኛል ብዬ ነው።

ጋሼ፦ ቆይ። ደብተሩን አስቀምጪና ስሚኝ። ያ ወረቀት እዚያ የተማርሽው እዚህ በምን እንደሚያዝልሽ የሚናገር ብቸኛው ሰነድ ነው። ስትመለሺ ኃላፊው ተቀይረው ቢሆንስ? ዓመት ሙሉ ለፍተው፣ ውጤት ተሸክመው መጥተው፣ የሚመዘግብላቸው ያጡ ልጆች አይቻለሁ። ከታች ካሉት ጋር ተቀምጠው ዓመቱን ደገሙት። ሁሉም ጎበዞች ነበሩ።

እኔ፦ ሰው ማስጨነቅ አልወድም፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ አውቃለሁ፤ እናትሽም እንዲሁ ናት። ግን ልንገርሽ፤ የእኛን ልጆች እዚያ ሲጥላቸው ያየሁት ይሉኝታ ነው። ሳይገባን ገብቶናል እንላለን፣ ሳይደላን ደህና ነን እንላለን። እኔ ራሴ በሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ተምሬ ወደ እርሻ ትምህርት ስገባ፣ የአንዱን መምህር ንግግር ከግማሽ በላይ አልሰማውም ነበር። አፍጥጬ እያየሁ ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ነቀነቅኩ። ፈተናውን ወደቅኩ። መምህሩ ጠርቶኝ፣ ‘ረቡዕ ረቡዕ በሬን ከፍቼ እጠብቅ ነበር፣ ለምን አልመጣህም?’ አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያንን ሰዓት ሽፕሬክሽቱንደ ይሉታል፤ ተማሪ እንዲጠይቅ ተብሎ የተቀመጠ ሰዓት ነው። ገብተሽ ስትጠይቂ ውለታ የዋሉልሽ አይመስላቸውም።

እኔ፦ ትምህርቱ ራሱስ ከእኛ በምን ይለያል?

ጋሼ፦ የክረምቱ ሴሚስተር በወረቀት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። ትምህርቱ ግን ጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ የካቲት መጀመሪያ ላይ ያበቃል። ከዚያ ፈተና ነው። ብዙ ጊዜ በመሐል የሚያነቃሽ ኩዊዝ የለም፤ የሴሚስተሩ ውጤት በአንድ ፈተና ወይም በአንድ ጽሑፍ ሊወሰን ይችላል። አንድ ሴሚስተር 30 ነጥብ ነው፤ አንዱ ነጥብ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ተብሎ የታሰበ ነው። አባዢው። ክፍል የምትቀመጪው የዚያ ጥቂቱን ነው፤ ሌላውን ብቻሽን ነው የምትሠሪው። ደግሞ 1 ሲሰጡሽ እንዳትደነግጪ፤ ትልቁ ውጤት እሱ ነው፣ 5 ነው መውደቅ።

እኔ፦ 1 ማግኘት ጥሩ ነው... ጽፌዋለሁ።

ጋሼ፦ ይሄንን ደግሞ አስምሪበት። ለኮርሱ መመዝገብና ለፈተናው መመዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእኛ ልጆች ኮርሱን ተከታትለው፣ አጥንተው፣ የፈተናው መመዝገቢያ ቀን ሳያውቁት ያልፋቸዋል። በገባሽ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ለእያንዳንዱ ኮርስ የፈተናው ምዝገባ መቼና የት እንደሆነ ጠይቂ።

እኔ፦ ገንዘቡ ያሳስበኛል። ስኮላርሺፑ ይበቃኛል?

ጋሼ፦ ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ ለቪዛ ሲያመለክት ለዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል፤ ከዚያ በወር 992 ዩሮ ብቻ ነው የሚለቀቅለት። አንቺ ደብዳቤሽ ይተካልሻል። ግን ቁጥሩን ያዢው፤ የአገሩ መንግሥት ለአንድ ተማሪ የወር ኑሮ ያስፈልጋል ያለው እሱ ነው። የሚሰጡሽን ከእሱ ጋር አስተያዪው። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ወር ነው። ነገሩ ሰንሰለት ነው፤ ቤት ከሌለሽ አድራሻ አታስመዘግቢም፤ አድራሻ ካላስመዘገብሽ የባንክ ሂሳብ መክፈት ያስቸግርሻል፤ ሂሳብ ከሌለሽ ስኮላርሺፑ የት ይገባል? ምዝገባውን አንሜልዱንግ ይሉታል፤ ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው፤ አከራይሽ የሚፈርምልሽ ወረቀት ይጠይቁሻል። ስለዚህ የተማሪ ማደሪያ ዛሬውኑ አመልክቺ። በኪስሽም ለመጀመሪያ ወር ኪራይና ለመያዣ የሚሆን ይዘሽ ሂጂ፤ ሕጉ አከራይ እስከ ሦስት ወር ኪራይ መያዣ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ቤቱን ሳታዪ፣ ውል ሳትፈርሚ ገንዘብ ላኪ የሚልሽን ሰው ግን እንዳታምኚ።

እኔ፦ ብሩ ደግሞ...

ጋሼ፦ አዎ፣ ምንዛሪው በ2016 ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እያንዳንዱ ዩሮ ለቤተሰብሽ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምነግርሽ። ወጪሽን ከአባትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት፤ ለእሱ አትደብቂ። ሌላም አለ። ጀርመን ገባች ሲባል ዘመድ ይደውላል፤ ለልቅሶውም ለሠርጉም ላኪ ይሉሻል። የያዝሽው ለአንድ ሰው ጉሮሮ የተቆረጠ መሆኑን ከመሄድሽ በፊት ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ይነገር። እኔ እነግርልሻለሁ፤ ከአንቺ አፍ ሲወጣ ይከብዳል።

እኔ፦ ሰነድ ላይ የሚያስቸግር ነገር አለ?

ጋሼ፦ ስምሽ። እነሱ የቤተሰብ ስም ስለሚፈልጉ የአባትሽን ወይም የአያትሽን ይወስዳሉ፤ ክፍል ውስጥ በአያትሽ ስም ቢጠሩሽ አቤት በዪ። ዋናው፣ በፓስፖርቱ፣ በትራንስክሪፕቱና በኢንሹራንሱ ላይ አጻጻፉ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ‘ጸ’ን በሁለት ፊደል፣ ሌላው በአንድ ከጻፈው ሁለት ሰው ትሆኚያለሽ። የልደት ቀንሽም ከእኛ አቆጣጠር ሲቀየር በየሰነዱ የተለያየ እንዳይሆን አሁኑኑ አስተያዪ። ሰዓቱንም ልመጂ። ቀጠሮ በ9 ሲሉሽ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። እኔ የመጀመሪያውን የሐኪም ቀጠሮዬን በዚህ አበላሽቻለሁ፤ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ሄጄ ቢሮው ሊዘጋ ሲል ደረስኩ።

እኔ፦ እናቴ ቅቤና ቋንጣ እያዘጋጀች ነው።

ጋሼ፦ አይሆንም። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት ክልክል ነው፤ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ይወሰድብሻል። ሽሮና በርበሬ ይበቃሻል፤ ቅቤ ያልነካው ይሁን።

እኔ፦ ብቸኝነቱስ፣ ጋሼ? እውነቱን ይንገሩኝ።

(ጥቂት ዝም አሉ። ዝናቡ ጋብ ብሏል።)

ጋሼ፦ በታኅሣሥ ላይፕዚግ የሚነጋው በእኛ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ይመሻል። በእኛ ጊዜ የከሰሉ ጭስ ይጨመርበት ነበር፤ ጠረኑ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ጨለማው ሲመጣ ሰው ከአልጋው አልነሳም ይላል። መጀመሪያ ከእንቅልፍ ይመስላል፤ ከዚያ አንድ ክፍል ትቀሪያለሽ፣ ከዚያ ሁለት። የፖስታ ሣጥንሽ ውስጥ የሚመጡትን ደብዳቤዎች መክፈት ትፈሪያለሽ። እዚያ አገር ደብዳቤ ማለት ቀነ ገደብ ማለት ነው፤ የኢንሹራንሱም፣ የመኖሪያ ፈቃዱም በደብዳቤ ይመጣል። በመጣበት ቀን ክፈቺው፤ ካልገባሽ የጎረቤትሽን በር አንኳኪና አስነብቢ። ሰውነትሽ ሲከብድሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ኢንሹራንስ የምትከፍዪው ለዚህ ነው። እሑድ ከሐበሾች ጋር ቡና መጠጣትሽ ነፍስ ይዘራብሻል፤ ግን ሰባቱንም ቀን እዚያ ካሳለፍሽው የሄድሽበትን አገር ሳታዪው ትመለሻለሽ።

እኔ፦ ቤት ስደውል እንዲያዝኑብኝ አልፈልግም።

ጋሼ፦ እናትሽን ‘ደህና ነኝ’ በያት፤ እናት ናት። ለእኔ ግን እውነቱን ንገሪኝ። በእነሱ ክረምት ሁለት ሰዓት፣ በእነሱ በጋ አንድ ሰዓት ነው የሚለየን፤ ማታ ደውዪ፣ አነሳለሁ። ደግሞ አንድ ቅዳሜ ባቡር ያዢና ጎታ ሂጂ፤ ሩቅ አይደለም። እዚያ ፍሪደንሽታይን የሚባል ቤተ መንግሥት አለ። እ.ኤ.አ. በ1652 የእኛው መነኩሴ አባ ጎርጎርዮስ በጎታው መስፍን ተጋብዘው እዚያ ተቀምጠዋል። ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ምሁር ቀድሞ ሮም ላይ አግኝቷቸው ነበር፤ ጎታም ላይ ስለ ቋንቋችንና ስለ አገራችን ጠየቃቸው። እሳቸው በ1658 መርከብ ተሰብሮ አረፉ። እሱ ግን ከእሳቸው የሰማውን ይዞ ቆይቶ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ያንን ሁሉ ያገኘው ከአንድ ስደተኛ መነኩሴ እግር ሥር ተቀምጦ በመጠየቅ ነው። በግቢው ስትዞሪ አባን አስቢልኝ።

እኔ፦ እሄዳለሁ።

ጋሼ፦ ኃላፊው ነገ ቢሮ ይገባሉ?

እኔ፦ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ።

ጋሼ፦ እንግዲያው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በራቸው ላይ ሁኚ። ብዕርም ያዢ። የቅቤውን ነገር ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ።